ባሩድ ስላልገባባት አንዲት ጥይት ለክቡር ሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ ዴልበርት ክራምሊች
የስሌት ክሪክ አዳኞችና ተኳሾች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የዒላማ ሜዳው የበላይ ጠባቂ፣ እንዲሁም እንዲያው በአጋጣሚ የከተማችን ብቸኛ የጥይት ሱቅ ባለቤት
ፔንሲልቬኒያ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ጥይትዎ ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ እንደሚሄድ በማመን የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የባለቤትዎ ጉልበት፣ የውሻዎ ጆሮ፣ በሱቅዎ መስኮት ላይ አምና የተሰቀለው ቀንዱ ባለ አሥር ቅርንጫፍ የሆነው የአጋዘን ጭንቅላትም በያሉበት ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ። እኔ ጎማ ቤት የምሠራው ሮይስ ነኝ። ካላስታወሱኝ ደግሞ፣ በማኅበሩ የፓንኬክ ቁርስ ዕለት ወንበርዎ ሥር የዳክዬ ድምፅ የሚያሰማ የአዳኞች መጥሪያ አስሬ፣ በተቀመጡ ቁጥር እንደ ዳክዬ ያስጮህኩዎት እኔው ነኝ። ያን ጊዜ ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ዛሬም የምጽፈው ስለ ዳክዬው አይደለም።

ቅሬታዎቼን እንደ ወጉ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፦ ሃያ ፍሬ የምትይዘው የጥይት ሳጥን አምና ከነበረችበት መደርደሪያ ሳትነቃነቅ ዋጋዋ ብቻ ተነሥቶ እየሄደ ስለሆነ፣ ምስጋናችን የላቀ ነው። በዚህ አያያዝ አጋዘኑን ተኩሶ ከመሳት፣ ጉቦ ሰጥቶ በእግሩ እስከ ማድ ቤት ማምጣት ሳይረክስ አይቀርም። አባቴ ባለፈው ሱቅዎ ገብቶ ሳጥኗን አንሥቶ ዋጋዋን ካየ በኋላ፣ እንደ ሰው ሕፃን ቀስ አድርጎ መልሶ አስተኝቷታል።

ሁለተኛ፦ በዒላማ ሜዳው ላይ «ቀለህ መልቀም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ስላቆሙልን እናመሰግናለን። የራሳችንን ጥይት ተኩሰን፣ የራሳችን ቀለህ እግራችን ሥር ወድቆ፣ ጎንበስ ብንል ሌባ እንባላለን። ወገባችንን አሳርፈውልናል።

ሦስተኛ፦ ማንኛውም ባዶ ቀለሁ በቤት እንደገና የተሞላ ጥይት በማኅበሩ መሬት ላይ እንዳይተኮስ፣ ጋሽ ኤልዉድ ሾፕም ለአንድ ዓመት ከአባልነት እንዲታገዱ ባለፈው ሳምንት ወስነዋል። የማይታገደው ጥይት የሚሸጠው በማን ሱቅ እንደሆነ ልጽፍ ብዬ ነበር፤ እርስዎን ማሳጣት ደግሞ ይጣፍጠኛል። ነገር ግን ሦስተኛው ላይ ስደርስ ብዕሩ ከበደኝ። አራተኛ ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም።

ክቡር ሆይ፣ ጋሽ ኤልዉድን እኔ ከማውቃቸው በላይ ያውቋቸዋል። ምድር ቤታቸው ውስጥ አንዱን ቀለህ አምስት ስድስት ጊዜ ያስነሣሉ። በተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ አሽተው እንደ ወርቅ ያበሩታል፤ እሳት ጫሪዋን ትንሽ ቆብ ከቂጡ ይሰካሉ፣ ባሩዱን በሚዛን ይለካሉ፣ የእርሳሱን አረር አፉ ላይ ይተክላሉ። ሲያበቁ የሟች ባለቤታቸውን የጥፍር ቀለም ከፍተው እያንዳንዷን ከቂጧ በቀይ ነጥብ ይፈርሙባታል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ለርካሽነቱ ነበር። በኋላ ግን፣ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው በእጁ የሠራው ነገር ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለ ወረቀት መሐል ሲገባ ያለውን ስሜት ለእርስዎ እንዴት ብዬ እንደምሸጥልዎ አላውቅም።

ቤታቸው አንድ ሕግ ብቻ አለ። ባሩድ ሲገባ አይወራም። አምሳው ቀለህ በእንጨት ገበታው ላይ ተደርድሮ ባሩዱ ገብቶ ካለቀ በኋላ፣ ጋሽ ኤልዉድ እርሳስ ከመትከላቸው በፊት የእጅ ባትሪ አብርተው አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ያያሉ።

ያን ቀን ባሩዱን የምጨምረው እኔ ነበርኩ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ትራስ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ፣ ሱሪዬን እስከ ደረቴ ስቤ፣ እርስዎን ሆንኩ። «ክቡራን አባላት፣ ጥይት የተወደደው ለእናንተው ደኅንነት ነው!» እያልኩ በምድር ቤቱ ተንጎራደድኩ። «ተው አንተ ልጅ፣ ተው ትገድለኛለህ» እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ዓይናቸውን ለመጥረግ ባትሪውን አስቀመጡት። ስመለስ ከየትኛው ቀለህ እንዳቆምኩ አላስታወስኩም። ጠየቁኝ። «ጨርሻለሁ» አልኩ፤ ባትሪው ሳይነሣ እርሳሱ ተተከለ።

የቀረውን እርስዎ ያውቁታል። ከአደኑ በፊት ጠመንጃ በሚሞከርበት በዒላማ ማስተካከያው ቀን፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አደን ልትወጣ የተዘጋጀችው የልጅ ልጃቸው ኮራ ቃታውን ስትስብ፣ ጠመንጃው በመጮህ ፈንታ ጠቅ ብቻ አለ። ባሩድ የሌላት ጥይት በእሳት ጫሪዋ ኃይል ብቻ እርሳሷን ገፍታ ቱቦው መሐል ወትፋዋለች። ልጅቷ ከሸፈ ብላ ሌላ አጎረሰች። ሁላችንም ቆመን እያየን ነበር። እኔም እያየሁ ነበር። «አንቺ ልጅ! እጅሽን አንሺ! ከቃታው ላይ እጅሽን አንሺ!» ብለው ከሠላሳ እርምጃ የጮኹት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሁለተኛዋን ተኩሳ ቢሆን ቱቦው ፊቷ ላይ ይፈነዳ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ያሉትን ምስጋናዎቼን እንደ ፈቀዱ ይውሰዷቸው፤ ይህችን አንዷን ግን የምሬን ነው።

ከዚያ በኋላ እርስዎ ቀለሁን ወደ ላይ አንሥተው በሰው ፊት «ይኸው የኤልዉድ ቀይ!» ሲሉ፣ ጋሽ ኤልዉድ «ዓይኔ ነው፤ እንግዲህ በቃኝ» አሉ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ዘጠኝ ቀን ጫማዬን አየሁ። ሰው ስቆብኝ ያውቃል፣ ተሰድቤም አውቃለሁ፤ ጎማ ቤት ጓደኞቼ «ሽማግሌው ጃጅቷል» ሲሉ አብሬ የሳቅኩትን ሳቅ ግን አሁን ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው። የጥይት መሙያ መሣሪያዎቹን በብርድ ልብስ ሸፍነዋቸዋል። ሰምተው ሲያበቁ፣ «እና ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዓይኔን ስታሳማው ነበር?» አሉኝ። ቀጥለውም «ባትሪውን ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ ማንም አልነጠቀኝም» አሉ። ላስቃቸው ሞከርኩ። አልሳቁም።

ስለዚህ በፍጹም ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሕጉ አንድ ሰው ማገድ ካለበት፣ በእሳቸው ስም ፈንታ የእኔ ይጻፍበት፤ ለአንድ ዓመትም፣ ለአምስትም። የፊታችን ቅዳሜ የአደን ወቅት ሲከፈት ግን አያትና የልጅ ልጅ በማኅበሩ ጫካ አብረው ይውጡ። ከሱቅዎ የተገዛ ጥይት ይዘው እንዲወጡ ካዘዙም ይሁን፤ የሳጥኗ ዋጋ ከእኔ ኪስ ይወጣል፣ እንደ አባቴም መልሼ አላስተኛትም። ይህንኑ ዓርብ ማታ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ቆሜ፣ ያለ ትራስ፣ እደግመዋለሁ።

በዳክዬም በሰውም ፊት አንገቱን የደፋ፣
የክቡርነትዎ ታዛዥ የሆነ፣ ለመሆንም የሚሞክር፣
ሮይስ ሃውክ

ማሳሰቢያ፦ በዚያ ቀን ቀዩን ነጥብ ከማንም ቀድመው እንዴት እንዳወቁት ሲገርመኝ ከርሞ ነበር። አምና ባለ አሥር ቅርንጫፉን አጋዘን ከጣሉበት ማማ ሥር ያነሣሁት ቀለህ ግን እነሆ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል፤ ቂጡ ቀይ ነው። ጋሽ ኤልዉድ ለማን ለማን ጥይት እንደሚሞሉ ተናግረው አያውቁም፣ ዛሬም ጠይቄያቸው አልተናገሩም። እኔም ለማንም ትንፍሽ እንደማልል፣ ይህ ደብዳቤ በሚወጣበት ጋዜጣና በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ቃል እገባልዎታለሁ።