ያልቀመስኩት ስኮን

አሶሳ፣ ቅዳሜ የካቲት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስኮን ጋገርኩ። እርሾ የማይፈልግ፣ በቅቤ የሚታሽ ትንሽ ዳቦ ነው። በስልክ ያየኋት ሴትዮ ቅቤው ቀዝቃዛ መሆን አለበት ትላለች። በዚህ የአሶሳ ሙቀት! ለጋውን ቅቤ በፌስታል ቋጥሬ እንስራው ውሃ ውስጥ አቆየሁት፤ ጠጠር አለልኝ። ኦቨን ስለሌለኝ ድስቱን ከላይም ከታችም ፍም አደረግኩበት። መልኩ እንዴት አምሮ ወጣ!

የቸገረኝ ቀማሽ ነው። እኔ ሁዳዴ ይዣለሁ። የጋገርኩላቸው ጎረቤቴ እትዬ ሐዋ ደግሞ ረመዳን ላይ ናቸው፤ እስኪያፈጥሩ መጠበቅ ነበረብኝ። ጨው መጨመሬንም እርግጠኛ አልነበርኩም። ቢሆንም እጄን አምነዋለሁ።

አዛን እንዳለ ይዤ ሄድኩ። ቴምር ቀምሰው ስኮኑን ሲያነሱ ዓይኔን ከአፋቸው አልነቀልኩም።

«ጨው አለው?» አልኳቸው።

«ቀን ሙሉ ጾም ነው፤ አሁን ጨው ይጠየቃል?» ብለው ሌላ አነሱ።

እኔ ጣፍጧቸው ነው እላለሁ። ርቧቸውም ከሆነ ፋሲካ ሲመጣ ራሴ እቀምሰዋለሁ። የነገውን ቅቤ ግን ከአሁኑ እንስራው ውስጥ ከትቼዋለሁ።