ለአንገትሽ ያስቀመጥኩት ዘይት

ፍቅርተ፣

ወደ ኢታንግ፣ ለቅሶው ቤት ሄጃለሁ። የሰሊጥ ዘይቱ መስኮቱ ላይ ነው፤ ሞቅ አድርገሽ ከጆሮሽ ሥር እስከ ትከሻሽ ተቀቢው። ቴሌ ሥራ ስትገቢ የስልኩን እጀታ በእጅሽ ያዢው፤ በጆሮሽና በትከሻሽ መሃል አትወትፊው።

ዛሬ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የወንድሜን የኦፒውን መርዶ ነገሩኝ። እሱ ከነበረበት ከጂማ ወደ ቴሌ የተደወለው ሰኞ ነበር አሉ፤ ስልኩን ያነሳሽውም አንቺ።

ሦስት ቀን ሙሉ ማታ ማታ አንገትሽን እያሸሁ፣ "ከኦፒው ወሬ አለ?" አልኩሽ።
"መስመር የለም አባንግዬ፤ እዚህ ጋ ጫን በይው" አልሽኝ።

መርዶ በወጉ እንደሚነገር አውቃለሁ። እንባዬ ግን እስካሁን አልመጣም። ለሁለታችንም ጸልያለሁ።

ስመለስ እኔው አሽሻለሁ። ብቻ ወሬ ካለ፣ አንገትሽን ከመስጠትሽ በፊት ንገሪኝ።

አባንግ