የመቁጠሪያው ክር

ለእህቴ ለሰብለ፣

የጌታ ሰላም በቤትሽ ይሁን። እኛ ቡታጅራ ከአቧራው በቀር ደህና ነን።

የመኪና መስታወት ጥገናውን አልተውኩም። ደንበኛ ራሱ አይመጣም፤ መኪና የሚቆምበትን ግቢ ሁሉ እየዞርኩ፣ ባለቤቱ ያላየውን ስንጥቅ ቀድሜ ማየት አለብኝ። እንጀራዬ ይኸው ነው።

ትናንት መናኸሪያ አንድ ሚኒባስ ላይ ረጅም ስንጥቅ አየሁና ሾፌሩን አብዱልሃፊዝን ጠራሁት።

«ሳይረዝም ልድፈንልህ» አልኩት።

ጠጋ ብሎ አየና በሳቅ ፈነዳ። «ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመቁጠሪያዬ ክር ነው!»

ግቢው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ «ጋሼ ሰይፉ፣ የኔንም ጺም ድፈንልኝ!» አለ።

ባለጌዎች! መስታወት ፊት ክር ማንጠልጠል በሕግ መከልከል አለበት። ብርሃን ከመስታወት ላይ እንዴት እንደሚመለስ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያሳሳተኝ ፀሐዩ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ወልቂጤ እሠራለሁ። እዚያ ይህን የሰማ የለም።

ያለፈውን ደብዳቤሽን ባለቤቴ ትርንጎ አነበበችልኝ፤ እጄ ሥራ ይዞ ነበር። ምን ዓይነት ቀጭን እስክሪብቶ ነው የምትጠቀሚው? ስትመልሺልኝ በወፍራም ጻፊ፤ ፊደሉንም ተለቅ አድርጊው። ለትርንጎም ይህን እንዳትነግሪያት።

ጌታ በጤና ያቆይሽ።

ወንድምሽ ሰይፉ