ጀርባዬን ያስደገፍኩበት በር

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እማማስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ዕረፍት ካጣ ሰንብቷል።

በጥበቃነት የተቀጠርኩበትን ትልቁን የልብስ መደብር ነግሬሽ የለ? ባለፈው ወር በእማማ ዕድሜ ያሉ አንዲት እናት ሲወጡ የበሩ ማሽን ጮኸ። ሹራብ ሰርቀዋል ብዬ ከመጋዘኑ ጎን ወዳለችው ጠባብ ክፍል ወሰድኳቸውና አለቃዬ እስኪመጣ ቆለፍኩባቸው። መቼም ይችን እጄን ታውቂያታለሽ፤ አንቺን ጓዳ ቆልፌብሽ ገበያ የሄድኩት ሰውዬ ነኝ። ያኔ ስቀን አለፍነው።

አለቃዬ የመጣው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ደረሰኙ ከቦርሳቸው ወጣ። ለካ ማሽኑን የሚያስጮኸውን ፕላስቲክ ሳትነቅል የሰጠቻቸው የኛው ገንዘብ ተቀባይ ኖራለች! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሴትዮዋ ድርጅቱንም እኔንም ካሳ ጠይቀው ከሰሱን። ክፉ አስቤ እንዳልቆለፍኩ ለድርጅቱ ጠበቃ ብነግረው፣ ክፋትህን ማንም አልጠየቀህም፣ ሰው ውስጥ መኖሩን እያወቅክ ያለ በቂ ምክንያት መቆለፍህ ብቻውን ተጠያቂ ያደርግሃል አለኝ። አለቃዬ ደግሞ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ወደው ነው የተቀመጡት እንድል መከረኝ፤ አለዚያ ዩኒፎርምህን መልስ ብሎኛል።

ትናንት ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሳገኛቸው ይቅርታ ልጠይቅ ቀረብኩ። አልተቆጡኝም። በሩን ስደበድብ ትሰማኝ ነበር ወይ፣ ልጄ፣ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። በጽሑፍ በሰጠሁት ቃል ምንም አልሰማሁም ብዬ ፈርሜያለሁ።

እታለም፣ ሰምቻለሁ። ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ቆሜ ስለነበር እያንዳንዱ ምት ትከሻዬን ይነቀንቀኝ ነበር። አለቃ ሳይመጣ እንዳይከፈት ተብያለሁና አልከፈትኩም።

ሰኞ ዳኛው ፊት እቆማለሁ። ቆልፌያለሁ፣ ሰምቻለሁም እላለሁ። ላንቺ አስቀድሜ የጻፍኩልሽ ፈርቼ እንዳላፈገፍግ ነው። ሻንጣዬን ይዤ ብመጣ አትደንግጪ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቁ ልጅሽ ኳሱን ቀንሶ ያጥና። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝና አጎትሽ ከእንግዲህ በቀልድም በር አይቆልፍብሽም በያት። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ስለ ሴትዮዋ ግን እንዳትነግሪያት፤ እኔው መጥቼ ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ።

ወንድምሽ
ከመደብሩ የጥበቃ ክፍል
ቅዳሜ፣ ኅዳር ፱ ቀን