በጀቱና አዛኑ

ሐርጌሳ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ዛሬ የአዲሱ መንግሥት የመጀመሪያ በጀት በሬዲዮ ሲነበብ እኔ ማዋለጃ ክፍል አንዲት እናት እያዋለድኩ ነበር። ለክሊኒካችን የቧንቧ ውሃ ይገባለት ይሆን ብለን ሳምንቱን ሙሉ ስንጨነቅ ነው የሰነበትነው። አላስችል ቢለኝ በር ላይ ሚስቱን የሚጠብቀውን ባጃጅ ነጂ፣ «ወንድሜ፣ ሬዲዮህን ጮክ አድርግልን» አልኩት።

አንባቢው ጤና ላይ ሲደርስ ልጅቷ ተወለደች። አልሐምዱሊላህ፣ ወዲያው አለቀሰች። አባትየው ገባና ሬዲዮውን ዘጋው፤ አቀፋትና እንደ ልማዱ በቀኝ ጆሮዋ አዛን፣ የሶላቱን ጥሪ፣ አደረገላት። ሆዳን የምትባለው ረዳቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ ክፈተው በይው ማለቷ ነው። እንዴት ብዬ! እኔ ራሴ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ጨርሶ ሲከፍተው አንባቢው ስለ መንገድ ያነባል።

«የምትጠብቁት ነገር ነበር እንዴ?» አለኝ ፊቴን አይቶ።

«ውሃ ይሰጡን እንደሆነ ነው» አልኩት።

ክፉኛ ደነገጠ። ሕፃኗን ቀስ አድርጎ እናቷ ደረት ላይ አስተኛትና ጥግ ላይ የቆሙትን ባዶ ጀሪካኖች አነሳ።

«እስኪሰጧችሁ እኔ አለሁ፣ እህቴ» ብሎ ወጣ።

እናቲቱን እሱ ባመጣው ውሃ አጠብናት። በጀቱ ላይ መኖር አለመኖራችንን እስካሁን አላውቅም።