ሚዛን ያላየው

ለምወድሽ እናቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ከደጅሽ አይጥፋ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ነፋሱ በርትቶ መርከቡ ሁለት ቀን ቀረ ሲሉ ሰምቼ፣ ደሴቱ ላይ ዱቄት እንዳያጥራችሁ ሰጋሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ እዚህ ስፋክስ ከተማ የሐምሌው ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ዛሬ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። አልትራሳውንድ ፅንስ ማያ ብቻ ይመስልሻል። እኛ ክፍል ግን ሊምፎማ የሚሉት የንፍፊት ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ጭን እናይበታለን፤ ጡንቻቸው እየሳሳ እንደሆነ ለማወቅ።

በመጋቢት አጎት ቲጃኒ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ መጡ። ሕክምና ሳይጀምሩ ጭናቸውን ለካሁ። ከሁለተኛው ዙር መድኃኒት በኋላ ሲመለሱ ሚዛን ላይ ወጡና፣ «ሰማንያ አራት! አንድ ኪሎ አልጎደለም። በሽታው ፈርቶኛል» ብለው ሳቁ። ሚስታቸው ዘህራ ግን አልሳቀችም። እኔም ጭናቸውን ሳይ ደነገጥኩ፤ ጡንቻው ሩብ ያህል ቀንሷል። ኪሎውን የያዘላቸው እግራቸው የቋጠረው ውሃ ነበር።

ስነግራቸው፣ «ሠላሳ ዓመት መረብ የጎተትኩበትን እግር ይቺ ማሽን ናት የምታዋርደው?» ብለው ተቆጡ። ያኔ ዘህራ አልቻለችም። «ንገራት እንጂ፣ አንተ! ምግቡን ለድመቷ እየሰጠ በላሁ ይለኛል። ከሶላት ሲነሣ ግድግዳ ይዞ ነው» አለች። አጎት ቲጃኒ ፊታቸውን አዞሩ። ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ሁሉም ምግብ ብረት ብረት ይለኛል። እንዳታለቅስ ብዬ ነው» አሉ።

ሐኪማችን ዶክተር ፈትሒያ፣ ጡንቻው ያለቀ ሰው መድኃኒቱን መቋቋም እንደሚያቅተው አስረዳቻቸው። እንቁላል፣ ሰርዲንና ሽምብራ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እንዲበሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜም ከወንበር እየተነሡ እንዲቀመጡ አዘዘች። «እንደ ተማሪ ቤት ልጅ?» ብለው አጉረመረሙ። ግን ሠሩት፤ ዘህራ እየቆጠረች። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ዙር መድኃኒት ወስደው ስለካቸው መሳሳቱ ቆሟል፤ እንዲያውም ጥቂት ተመልሷል። ማንም ሳይደግፋቸው ከአልጋው ወርደው፣ «ዘህራ፣ ድመቷ ግን ከሳች» አሏት። የዚያን ቀን ሳቀች።

እማ፣ ይህን የጻፍኩልሽ ለወሬ አይደለም። ለዒድ ስመጣ፣ በዚያ ሙቀት አንገትሽን በሻርፕ ጠቅልለሽ ሰነበትሽ። ልስምሽ ስጠጋ ሻርፑን በእጅሽ ያዝ አደረግሽው። «ብርድ መትቶኝ ነው» አልሽኝ። እህቴ ፊት ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም፤ ያመንኩ መሰልኩ። ሳቅፍሽ ግን እጄ በሻርፑ ሥር ያለው እብጠት ላይ አረፈ።

ለማንም አልተናገርኩም። እሑድ በመጀመሪያው መርከብ መጥቼ ወደ ስፋክስ፣ ወደ ሐኪማችን እወስድሻለሁ፤ የሦስት ቀን ልብስ ብቻ አዘጋጂ። ለጎረቤት ልጄን ልጠይቅ ነው በያቸው፤ ውሸት አይሆንብሽም። ዛሬ ውሃ ቀድተሽ ራስሽ የምትሸከሚ ብርቱ ነሽ፤ ምርመራውም ሕክምናውም ከመጀመሩ በፊት ጭንሽን እኔው እለካለሁ። አያምም። የሚቀባው ነገር ብቻ ይቀዘቅዛል፤ እሱንም በመዳፌ አሙቄ ነው የምቀባሽ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ምርቃትሽም አይለየኝ።

የበኩር ልጅሽ