የመቶ በመቶው ሪፖርትና ፊርማዬን የነፈግኩት ቅጽ

ለክቡር አቶ ጆኔ ቫካሎማ
የመንግሥት ኮምፒውተሮች ደንብ ማስከበሪያ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ሱቫ፣ ፊጂ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ደስታና የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ሁሉ እንደ ሪፖርትዎ መቶ በመቶ ይሁን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዜር ይመስገን ከንዴቴ በቀር ሕመም የለብኝም። በውስጥ መስመር የጻፍኩልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ፣ አራተኛው በአደባባይ ቢነበብ ይደርስዎት ይሆናል ብዬ በጋዜጣ መጻፌን በትሕትና እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አውቶማቲክ ፈታሹ አመሰግናለሁ። ሰው ሳያስቸግር በየሰርቨሩ እየዞረ የይለፍ ቃሉ፣ ቁልፉና እድሳቱ በደንቡ መሠረት መሆኑን የሚጠይቅ ፕሮግራም መልካም ነገር ነው፤ ግማሹንም የጻፍነው እኔና ባልደረባዬ ኒለሽ ስለሆንን ልጠላው አልችልም። ቅሬታዬ አቅሙ በተፈተነበት መንገድ ላይ ነው። ፈተናው የተካሄደው ሥራ አቁመው ጓዳ ውስጥ መወገጃቸውን በሚጠባበቁ አሥራ ሁለት ሰርቨሮች ላይ ሲሆን፣ እነርሱም በአራት ደቂቃ ውስጥ መልሰው ጨረሱ። ኒለሽ በትሕትና «ጌታዬ፣ እነዚህኮ ጡረተኞች ናቸው፤ ቶሎ የሚመልሱት ሥራ ስለሌላቸው ነው» ቢልዎ፣ «አሥራ ሁለቱን ከቻለ ዘጠኝ መቶውን ምን ያቅተዋል?» ብለው አሳፈሩት። ወዲያው የደስታ ቀን መጠጣችን ያንጎና ተበጥብጦ ተጠጣ፣ ተጨበጨበ፣ ኬክም ተቆረጠ። ስለ ኬኩ የማመሰግነው ከልቤ ነው፤ ሁለት ቁራሽ በልቻለሁ።

ሁለተኛ፤ ኬኩ በተቆረጠ ማግስት፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ ፈታሹ ሥራ ላይ ባሉት ዘጠኝ መቶ ሰርቨሮች ላይ በአንድ ጊዜ እንዲለቀቅ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። የክሊኒኮችን መዝገብና የወደቡን መርሐ ግብር ተሸክመው የሚሠሩት ማሽኖች የፈታሹ ጥያቄ ሲጨመርባቸው መንቀራፈፍ ጀመሩ። ፈታሹ ደግሞ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ያልመለሰለትን ሁሉ ደንብ እንደጣሰ ቆጥሮ ከኔትወርክ እንዲቆርጥ የታዘዘ ነው። በሩን ራሱ ተደግፎ ቆሞ «ለምን አልከፈታችሁም?» እያለ ቤት የሚያሽግ ተቆጣጣሪ አይተው ያውቃሉ? እኔ አሁን አይቻለሁ። እስከ እኩለ ቀን ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰርቨሮች ተቆረጡ። በሩቅ ደሴት ክሊኒክ የሚሠሩት ሲስተር ቫሴማዛ ደውለው «አንቺ ቶሪካ! በሽተኛው ፊቴ ቁጭ ብሏል፣ ኮምፒውተሩ አላውቅሽም ይለኛል። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ሴትዮ! እኔ ነኝ የጠፋሁት ወይስ እሱ?» አሉኝ። አፈርኩ። ሁሉንም እስክንመልስ ሁለት ቀን ሲፈጅብን፣ ሲስተር በአሮጌ ደብተራቸውና በትዝታቸው መድኃኒት ሲሰጡ ሰነበቱ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሪፖርቱ። የተቆረጠ ሰርቨር ከቆጠራው ስለሚወጣ፣ የቀሩት ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኙ ሁሉም ደንብ አክባሪ ሆነው ተገኙና ውጤቱ መቶ በመቶ ተባለ። ይህንን በስብሰባ ላይ ባነሳ «ሪፖርቱ መቶ በመቶ ነው የሚለው። አንቺ ከሪፖርቱ ትበልጫለሽ?» አሉኝ። ያን ዕለት ደንግጬ ዝም ስላልኩ አሁን ልመልስልዎ፤ አዎ ክቡርነትዎ፣ እበልጣለሁ። ቢያንስ እስከ ዘጠኝ መቶ መቁጠር እችላለሁ።

አራተኛ፤ እስካሁን የዘረዘርኩትን ሁሉ ውጬ ዝም ባልኩ ነበር፤ ይህኛው ግን አይዋጥም። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሚገባበት ከኖቬምበር መጀመሪያ አንስቶ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚልኩት አሥራ ስድስቱ ሰርቨሮች በዚሁ ፈታሽ ሥር እንዲገቡ ወስነዋል፤ «የአቅም ሙከራው በሙሉ ጫና ተካሂዷል» በሚለው ቅጽ ላይም እንድፈርም አዘውኛል። አልተካሄደም። ማዕበል በሚነሳበት ቀን የየደሴቱ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቃቸው እነዚህ ሰርቨሮች ከሌላው ቀን ሁሉ ይዘገያሉ፤ ፈታሹም የሚቆርጣቸው በዚያው ቀን ነው ማለት ነው። አክስቴ ኡናይሲ ባለፈው ማዕበል መልእክቱ ደርሷቸው ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ወጡ፤ ሲመለሱ ቤታቸው አልነበረም። «ስልኬ ባይጮህ እኔም አልጋዬም ባሕር ውስጥ ነበርን» ይላሉ እየሳቁ። እኔ ግን አልስቅም። እፈራለሁ።

የለመንኩት ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። መጀመሪያ በሃምሳ፣ ቀጥሎ በሁለት መቶ፣ በመጨረሻም በሁሉም ላይ፣ የማዕበል ቀን የሚመስል ጫና ፈጥረን እንሞክረው፤ የዘገየውንም መቁረጡ ቀርቶ ለሰው ያሳውቅ ብዬ ነበር። «ጊዜ የለንም፤ ሚኒስትሩ ቀን ቆርጠዋል» አሉኝ። አውሎ ነፋሱ ግን ከክቡር ሚኒስትሩ ጋር ቀጠሮ አልያዘም። ስለዚህ አልፈርምም፤ ዛሬም፣ በኖቬምበርም፣ ከሥራ ቢያባርሩኝም።

ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤትዎ፣ ለትዕግሥትዎና ላልመለሱልኝ ሦስት ደብዳቤዎች ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ሪፖርት የምታጸድቅ እጅዎ እንድትበረታ ከመመኘት የማልቦዝን፣

ታዛዥዎ፣ በዚህ ጉዳይ ብቻ ግን የማልታዘዝዎ፣
ቶሪካ ናይቫሉ
የሰርቨር ክፍል ባለሙያ

ማስታወሻ፤ አሥራ ስድስቱን ሰርቨሮች ከፈታሹ የኖቬምበር ዝርዝር ውስጥ ባለፈው ሐሙስ በገዛ እጄ አውጥቻቸዋለሁ፤ መዝገቡ ላይም ስሜን ጽፌያለሁ። መልሶ ለማስገባት ደንቡ የሚጠይቀው ሙከራው መካሄዱን የሚያረጋግጥ የአንድ ባለሙያ ወይም የአንድ ኃላፊ ፊርማ ብቻ ስለሆነ፣ ያንኑ ቅጽ የእርስዎን ስም ሞልቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ እርስዎም አልፈረሙበትም።